ሁለት ቁልፍ የነበረው የጀልዴሳ ሮቶ

ሙሜ፣

ሰላም ልበልህ አልበልህ እያልኩ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ስከራከር ከረምኩ። በመጨረሻ ለመቃብር ሰው ሰላምታ አይነፈግም ብዬ ይኸው፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ዓመቱን ባሏን እንደምትወድ ሴት አለቀስኩልህ። ያለፉትን ሁለት ወራት ግን ምን ሳደርግ እንደከረምኩ እኔም አላውቀውም። ሰው የሞተን ሲያማ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ እንደዚያ አልልም። ዛሬ ሙት ወቃሽ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ባሌ የነበርክ ሰው፣ ልወቅስህ ነው የምጽፍልህ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ለሕክምናህ ብለን ከጀልዴሳ ወጥተን ድሬዳዋ የተከራየነው የሳቢያኑ ቤት እንዳለ ነው። አከራያችን ግቢውን ሲሚንቶ አስደረገችው፤ ወንበር አውጥተህ የምትቀመጥበት የኒም ዛፍ ግን አልተነካም። ልብሶችህን ለሰደቃ ሰጥቻለሁ፤ ያችን ጠርዟ የተበላ ሽርጥህን ብቻ አስቀርቻለሁ፣ ማንም አይፈልጋትም ብዬ ሳይሆን መስጠት አቅቶኝ ነው። ልጃችን ኢፍቱ እዚሁ ታይዋን ገበያ ውስጥ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጥራለች። ጤናዋ ደህና ነው። ከዓርብ ወዲህ ግን አታናግረኝም፤ ራቷን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ከሥሩ ልጀምር። አንተ ነህ ነገር ከሥሩ ካልተነገረኝ አይገባኝም የምትለው።

ጀልዴሳ ድሮ እሳት ሲነሳ የምናውቀው ነገር ሁለት ነበር፤ መጮህና ዱዓ ማድረግ። ከተማ ላሉት የእሳት አደጋ ሰዎች ይደወላል፤ መኪናቸው ያንን የአሸዋ መንገድ ጨርሶ እስኪደርስ አመዱ ቀዝቅዞ ዶሮ ይጭረዋል። ሰዎቹ ምን ያድርጉ፣ መንገዱ ነው። የገበያው እህል መጋዘን በተቃጠለ ማግስት አንተ፣ ታናሽ ወንድሜ ዩያና ጓደኛህ ኢብሮ ደጃፋችን ላይ ጫታችሁን ይዛችሁ ተቀመጣችሁ። የራሳችንን እሳት ራሳችን እናጠፋለን ስትሉ ሰማሁ። በርጫ ላይ የማይሠራ ሥራ የለም ብዬ አላገጥኩባችሁ። በማግስቱ ግን ጫቱ ከራሳችሁ ወጥቶም ሐሳቡ አልወጣም ነበር። የእሳት ጀመዓ ያላችሁት ማኅበር እንዲህ ተጀመረ፤ አንተ፣ ዩያ፣ ኢብሮና ሁለት የሶማሌ ልጆች ከግመል ተራው።

የመጀመሪያው የደንብ ልብሳችሁ መንገድ ሠራተኞች ጥለውት የሄዱት ብርቱካናማ ሰደርያ ነበር። ቀዳዳውን የጠቀምኩት እኔ ነኝ። ለአምስት ሰው ሦስት ሰደርያ ስለነበር እየተቀያየራችሁ ትለብሱ ነበር። በገበያ ቀን ባልዲ ይዛችሁ ስትሮጡ ሴቶቹ «አቦ፣ ብርቱካን ነጋዴዎቹ መጡ!» እያሉ ይሳሳቁባችኋል። ዩያ ይናደዳል፣ አንተ ትስቃለህ። ሳቁ የቆመው የሻይ ቤቱ ጣሪያ የተያያዘ ቀን ነው። ፊሽካህ ሦስት ጊዜ ተነፋ። እናንተ ጆንያ ነክራችሁ እሳቱን ትመታላችሁ፣ አሸዋ በአካፋ ትበትናላችሁ፤ እኛ ሴቶቹ ከጉድጓዱ ጀምረን ባልዲ እንቀባበላለን። እሳቱ ከአንድ ጣሪያ ሳያልፍ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለመመዝገብ የማይመጣ ጎረምሳ አልነበረም። ኮማንደር የሚል ስም የወጣልህም ያኔ ነው፤ ሲጀመር ለቀልድ ነበር፣ እየዋለ እያደረ አንተም እንደ እውነት ያዝከው።

የውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ በኋላ መጣ። አንድ ድርጅት ሰጠን፤ ገበያው ጥግ ላይ የድንጋይ መደብ ሠርታችሁ ሰቀላችሁት። ውሃውን ከድሬዳዋ የሚመጣው ቦቴ ይሞላዋል። ቧንቧው ላይ የብረት ሳጥን አስበየድክበት፣ ሳጥኑን በጓጉንቸር ቆለፍክ። ቁልፉ ሁለት ነበር፤ አንዱ ካንተ አንገት የማይወርድ፣ ሌላው በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከተረኛ ወደ ተረኛ የሚተላለፍ። ተረኛው አመሻሽ ላይ ሮቶውን በጣቱ አጥንት ያንኳኳዋል። ሙሉ ከሆነ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከጎደለ ያስተጋባል። ከዚያ በገበያው መሃል እያለፈ «ሙሉ ነው!» ይላል፣ እኛም ሰምተን እንተኛለን። ውሃው የእሳት ውሃ ተባለ። አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም፣ ለከብት አይሰጥም። በዚያ ሐሩር፣ ውሃ አጠገብህ አስቀምጠህ አለመንካት ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው ብነግረው አይገባውም። እኛ ግን እሺ አልን፤ አንተን አምነን ነው እሺ ያልነው።

ዝናቡ የቀረ ዓመት ሕጉ ከበደን። ጉድጓዱ ጭቃ ብቻ ይሰጥ ጀመር። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ትኩሳት ለያዘው የልጅ ልጇ ብላ ተረኛውን ለምና አንድ ጀሪካን ቀዳች። ሰማህ። ከጁምዓ በኋላ በሰው ፊት አቁመህ ይቅርታ አስጠየቅሃት። «ይህ ውሃ የማንም አይደለም፤ የሁላችንም ጣሪያ ነው» አልካት። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ አለቀሰች፤ በእናትህ ዕድሜ ያለች ሴት። ባዝንላትም በባሌ ኮራሁ። ለማንም የማያዳላ ሰው አገባሁ ብዬ ነበር ወደ ቤት የገባሁት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ያ ሐሙስ መጣ። ላሞቻችን ሁለቱም ከተኙበት መነሳት አቅቷቸው ነበር። ፈጅር ሰግደህ ወጥተህ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ሳትል ከኢብሮ በተዋስከው የአህያ ጋሪ አራት በርሜል ውሃ ይዘህ መጣህ። ቦቴው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ሾፌሩን ለምኜ ቀዳሁ አልከኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ግንባርህን ሳምኩህ። ላሞቹ ጠጡ። ለኢፍቱ ሻይ አፈላሁላት። እኔም ከስንት ሳምንት በኋላ ፀጉሬን ታጠብኩ፤ አንተ በጣሳ እያፈሰስክልኝ፣ አረፋው ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እየሳቅክብኝ። ሙሜ፣ ያንን ጠዋት ከሠርጌ ቀን አብልጬ እወደው ነበር። ስትሞት እንኳ ያለቀስኩት እሱን እያስታወስኩ ነው።

እሳቱ የተነሳው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ነፋስ ከአንዷ የከሰል ምድጃ ፍም አንስቶ የገበያው ዳስ ላይ ጣለው። ፊሽካህን ስሰማ ባልዲዬን ይዤ ሮጥኩ፤ ከሮቶው ሦስተኛ ቆምኩ። ሳጥኑን ከፈትክ። ቧንቧውን ነካኸው፣ ምንም አልወረደም። ደግመህ ነካኸው። ዞር ስትል ፊትህን አየሁት፣ ደም የሚባል አልነበረበትም። እሳቱን ፈርቶ ነው አልኩ። ዳሶቹ ነደዱ፣ ከዚያ የአዴ ፋጡማ ቤት፣ ከዚያ መድረሳው። ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለ ልጆች አልነበሩበትም፤ አላህ አተረፋቸው። ዩያ ግን እርጥብ ጆንያ ተከናንቦ ገባ፤ ልጆቹ ቁርኣን የሚቀሩባቸውን የእንጨት ሉሆች በሁለት ክንዱ ታቅፎ ወጣ። ክንዶቹ እስከ ክርኑ ተልጠው ነበር።

ያ ሳምንት የዩያ ተራ ነበር። ረቡዕ አመሻሽ አንኳኩቶ «ሙሉ ነው!» ሲል ሁላችንም ሰምተነዋል። ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ክንዱ ገና በጨርቅ እንደተጠቀለለ አቆሙት። አንዱ ቧንቧውን ሳያጠብቅ ትቶት ነው አለ፣ ሌላው ውሃውን ሸጦት ነው አለ። ሮቶው ሥር ያለው አሸዋ ደርቆ ነበር፤ የጀልዴሳ ፀሐይ ምስክር አታስቀርም። ዩያ አንኳኳሁ እንጂ ሳጥኑን ጨርሶ አልከፈትኩም አለ፤ ቁርኣን አምጡልኝ ብሎ ማለ። አንተን ግን ማል ያለህ ሰው አልነበረም። ኮማንደሩን ማን ደፍሮ! ተነስተህ «የኔ ቁልፍ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም» አልክ፣ ተቀመጥክ። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ።

ዩያ ከጀመዓው ተባረረ። በሐሰት የማለ ሰው ተባለ፤ ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሌባ ይብሳል። ወር ሳይሞላው ጀልዴሳን ለቆ ድሬዳዋ ገባ። እኔስ? ባልሽን ወይስ ወንድምሽን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ሳልጠየቅ መረጥኩ። አንተ ስለ እሱ አንድ ክፉ ቃል ወጥቶህ አያውቅም፤ ስሙ ሲነሳ ዝም ትላለህ። ዝምታህን ትልቅነት አድርጌ ቆጠርኩልህ። ወንድሜ ስለሆነ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም፣ እንዴት ያለ ጨዋ ነው እያልኩ ይበልጥ ወደድኩህ። እናታችን ስትሞት ዩያ እጁን ሲዘረጋልኝ እጄን ሻሼ ሥር ደበቅሁ። ሳቢያን ከገባን ወዲህ ደግሞ እሱ የሚነዳው ባጃጅ ሲመጣ ፊቴን አዙሬ ሌላ እጠብቅ ነበር። ይህን ሁሉ ታይ ነበር፤ አንዳንዴ አጠገቤ ቆመህ።

የመጨረሻ ሳምንትህን መቼም አልረሳውም። ሰው ሲደክም አውፍ በሉኝ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ወጋችን ነው። ጎረቤቶቹን ጠየቅህ፣ ኢፍቱን ጠየቅህ፣ ከዚያ ሁሉን አስወጥተህ የኔን እጅ ያዝክ። «ሚስኪ፣ የምታውቂውንም የማታውቂውንም አውፍ በይኝ» አልከኝ። የማውቀውንም የማላውቀውንም አውፍ ብያለሁ፣ አላህም አውፍ ይበልህ አልኩህ። የማላውቀው ምን ሊኖር ይችላል? ምናልባት አንድ ቀን በሆዱ ረግሞኝ ይሆናል፣ ምናልባት እናቱ ስለኔ ያለችውን ደብቆኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እፎይ ብለህ ዓይንህን ከደንክ። እኔም ደስ አለኝ፤ ባሌን ቀለል አድርጌ ሸኘሁት አልኩ።

ከሁለት ወር በፊት ለዓመትህ ሰደቃ አደረግን። ግቢው ሙሉ ነበር፤ ከጀልዴሳም መጡ። የድሮው የቦቴ ሾፌር አደምም መጣ፤ ሸምግሏል፣ ጥርስ የለውም። ሻይ ስሰጠው እጄን ይዞ ስለ አንተ ደግ ደጉን ያወራልኝ ጀመር። ከዚያ አንድ ነገር ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል አለ። ያ እሳት የተነሳ ወር ቦቴው ሞተሩ ተበላሽቶ ወሩን ሙሉ ጋራዥ ቆሞ ነበር፤ እሱም ወደ ጀልዴሳ አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣም። አንድ ዙር ውሃ ባደርስላችሁ ኖሮ መድረሳው አይቃጠልም ነበር እያለ ዓይኑን ጠረገ። ወሩን ሙሉ? አልኩት። ወላሂ ወሩን ሙሉ አለኝ። ትሪውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

ኢብሮ ከኒሙ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና ያ የሐሙስ ጠዋት ውሃ ከየት ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ጋሪውን ከመስጠት አልፎ በርሜሎቹን ያሸከመህ እሱ መሆኑን ያኔ ነገረኝ። ለላሞቹ ብለህ ነው። አራት በርሜል ብቻ ልትቀዳ፣ ቦቴው ሲመጣ ልትተካ ነበር ሐሳብህ። ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ስታዩ ተቻኮላችሁ፤ ቧንቧውን በደንብ ሳታጠብቀው ሳጥኑን ቆለፍክ። የቀረውን እስከ ከሰዓት አሸዋው ጠጣው። ቁልፍህ በእርግጥም ካንገትህ አልወረደም፤ ጎንበስ ብለህ ነበር የከፈትከው። ኢብሮን በልጆቹ አስማልከው። እሱም ይኸው ዘጠኝ ዓመት በቤቴ እየገባ እየወጣ፣ ዩያ ሲታማ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አይቼ አላዘንኩለትም።

ሙሜ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ላሞቹን ስላጠጣህ አይደለም የምቆጣህ። ብትነግረኝ አብሬህ በርሜል እሸከም ነበር፣ የላሞቹን ዓይን እኔም አይቻለሁ። ቧንቧ መላላቱም የሰው እጅ ነው፣ ይስታል። በዚያው ቀን፣ እሳቱ እየነደደ እንኳ፣ እኔ ነኝ ብትል ሰው ይሰድብህ ነበር፣ ሰደርያህን ይገፍፍህ ነበር፣ ከዚያ ይረሳልህ ነበር። አንተ ግን ስምህን አተረፍክ፣ በወንድሜ ስም። ያንን ፀጉሬን የታጠብኩበትን ውሃ ሳስበው ጭንቅላቴን በጥፍሬ እቧጥጠዋለሁ፤ የአዴ ፋጡማ ቤት የነደደው በእሱ ነዋ። አውፉ ደግሞ ይብሳል። እኔ እንደ ዕውር ሰጠሁ፤ አንተ ምን እየወሰድክ እንደሆነ አውቀህ ወሰድክ። እጄን ይዘህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ የበደሉን ስም እንኳ ሳትነግረኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ ዩያ ብትል ይገባኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት የጀመዓው አዲሶቹ ወጣቶች ከጀልዴሳ ድረስ መጡ። ሴት ልጆችም አሉባቸው፣ ሁሉም ሰደርያ አላቸው። ከሮቶው አጠገብ የዕቃ ቤት ሠርተው በሩ ላይ ስምህን ጽፈዋል፤ ከጁምዓ በኋላ መጋረጃውን የምትገልጪው አንቺ ነሽ አሉኝ። ኢፍቱ ከደስታ ብዛት አለቀሰች። እኔ ሄጄ ሰፈራችን ያሉትን ሸህ አማከርኩ። የሞተን ሰው ነውር መሸፈን ይገባል አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ግን መንገድ ላይ ቆም አልኩ። የአንተ ነውር የተሸፈነው በጨርቅ አይደለም፤ በሕይወት ባለ ሰው ጀርባ ነው። ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ባለ ጉዳዩን ጠይቂ አሉኝ።

በማግስቱ የዩያን ባጃጅ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። ሌላ ሰው ፈልጌ መስሎት ዞር ዞር አለ። ገባሁ። ወዴት ነው ሳይለኝ ነዳ። እጀታውን የያዙት ክንዶቹ ከፊትም ከኋላም የተሸበሸበ ጠባሳ ናቸው፣ ፀጉር አያበቅሉም። አለቀስኩ። የደረስኩበትን ሁሉ ነገርኩት። ጥግ ይዞ ቆመና አውቃለሁ አለኝ። ቁልፉ ሁለት ነበር፣ አንዱ እኔ ጋ ነበር፤ ሁለት መቁጠር አያቅተኝም አለ። ለምን አልተናገርክም ስለው፣ ብናገር ቤትሽ ይፈርስ ነበር፣ ኢፍቱ ገና ልጅ ነበረች አለኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ አንድ ነገር ጨመረ። እነሱ ባያምኑኝ አይገርመኝም፣ አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ «ዩያ፣ አንተ ነህ ወይ?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እሱን ነበር የጠበቅሁት አለ። አንተ ከዳኸኝ እላለሁ እንጂ እኔም ከዳተኛ ነኝ። የልጆቹን ስም እንኳ አላውቅም ነበር፤ ሦስት ናቸው።

ዓርብ ጀልዴሳ ሄድኩ። ዩያ አልመጣም፤ አላስገደድኩትም። ሰው ከመስጊድ ወጥቶ ተሰበሰበ፤ ወጣቶቹ ባልዲ ቅብብል አሳዩ፣ ከእኛ ጊዜ ይልቅ ይፈጥናሉ። ኢፍቱ ነጭ ሻሽ አድርጋ ከፊት ቆማለች። መጋረጃውን ግለጪ ሲሉኝ ጨርቁን ያዝኩና መናገር ጀመርኩ። ሐሙስ ጠዋት፣ አራት በርሜል፣ ላሞች፣ ቧንቧ፣ ሁለት ቁልፍ። ውሃውን እኔም ጠጥቻለሁ፣ ታጥቤበታለሁ አልኩ። ወንድሜ በእውነት ነው የማለው አልኩ። ኢብሮ ከመሃል ተነስቶ እውነቷን ነው፣ እኔም ነበርኩበት አለ፤ ይህን እንኳ አደረገ። አንድ ሽማግሌ ሙት አዋረድሽ ብለው ቁጣ ጀመሩ። አዴ ፋጡማ በከዘራዋ ተደግፋ ወደፊት መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ተይዋት፣ እኔን ለአንድ ጀሪካን ሲያቆመኝ ማንም ሙት አዋረድክ አላለውም፣ ያኔ እኔም ሞቼ ነበር አለቻቸው። መጋረጃውን ሳልገልጥ ለቀቅሁት። ምን እንደሚያደርጉበት ጀመዓው ይወስን፣ የኔ አይደለም።

ኢፍቱ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላናገረችኝም። ስንመለስ መኪና ውስጥ አባቴን ሁለተኛ ገደልሽው ብላኝ ፊቷን አዞረች። አልፈርድባትም። እኔም በእሷ ዕድሜ ብሆን እንደዚያው እል ነበር፤ አንተን ያልወደደ ማን አለ? ለልጅ አባቷን መንሳት ቀላል መስሎህ እንዳይሆን። ይህም አንተ የተውክልኝ ዕዳ ነው፤ አንድ ቀን ይገባታል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ባይገባትም እውነቱን መልሼ አልውጠውም።

ትናንት ዩያ ቤቴ መጣ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ድሬዳዋ ገብቶ ነበር፤ ከጀልዴሳ የድሮ ጓደኞቹ ሲደውሉለት፣ አውፍ በለን ሲሉት ማደራቸውን ነገረኝ። ይህን ሲያወራ ፊቱ ላይ የልጅነቱ ፈገግታ መጣ። ትልቁን ልጁን ይዞ ነበር፤ አክስትህ ናት ብሎ አስተዋወቀኝ። በላ፣ ጠጣ፣ ሳቀ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አቆምኩት። የራሴን አውፍ ጠየቅሁት፤ ጭንቅላቴን ስሞ ሰጠኝ። ከዚያ ያንተን ጠየቅሁለት። እኔ የሰጠሁህ የኔን ድርሻ ነው፤ የእሱ በእጄ የለም፣ አንተም ተነስተህ አትጠይቀውም። ስለዚህ እንደ ሚስትህ ሆኜ፣ ሙሜን አውፍ በለው አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ስለ ውሃውና ስለ ክንዴ ድሮ አውፍ ብዬዋለሁ አለ። ከብቱ ሲሞት እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው የለም፣ እኔም ብሆን እቀዳ ነበር አለ። ስለተባረርኩትም ልለው እችላለሁ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ስለ አንቺ ግን አልቻልኩም፣ ሚስኪ፤ አንድ እህት ነበረችኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ወሰደብኝ፣ ገና ነኝ፣ ልዋሽሽ አልችልም አለኝ። ልጁን ይዞ ሄደ።

ሙሜ፣ እንደማልረሳህ ቃል እሰጥሃለሁ። ልረሳህ ብፈልግም አልችልም፤ ጠልቼህ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ አልጠላሁህም። ከየሶላቴ በኋላ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ዩያንም ሳላስቸግረው፣ አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ። እሺ ያለኝ ቀን ሌላ ሥራዬን ሁሉ ትቼ ቀብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ። እስካልመጣሁ ድረስ ገና አላለም ማለት ነው። ጠብቅ። እሱ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል።

ሚስኪ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ